አሥራ አምስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፊርማ፦ በሐዋሳ የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ጉዳይ

በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት ኮምፒውተር ዓይኔ እያየ ፈነዳ። ማጋነን አይደለም፤ 69 የክፍል ጓደኞቼ ይመሰክራሉ። ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1996 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ያኔ አዋሳ ብለን የምንጽፋት የዛሬዋ ሐዋሳ፣ እኛ ዘጠነኛ ክፍል። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ካልሲ ያለው በካልሲ የሌለው በባዶ እግሩ፣ በሰም በተወለወለው ወለል ላይ እየተንሸራተትን ገብተን ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። አሥራ አምስቱ ኮምፒውተሮች ነጭ ጨርቅ ተከናንበው ተደርድረዋል። ከበሩ ሲታዩ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናቶች ይመስሉ ነበር።

መምህራችን የመጀመሪያውን ጨርቅ ገፈፉ፣ አጣጥፈው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፣ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ ሶኬቱን ሰኩ። ማብሪያውን ገና አልነኩትም። ከሳጥኑ ጀርባ ጥይት የመሰለ ድምፅ ጮኸ፣ ነጭ ጭስ ተከተለው፣ ከዚያ ያረረ ዓሣ የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው። የሐዋሳ ልጅ ዓሣ ስለሸተተው አይሮጥም። ያን ቀን ግን ሮጠናል። ጫማውን ለመፈለግ የቆመ ስላልነበረ በማግስቱ ግማሹ ክፍል የሰው ጫማ ተጫምቶ መጣ። አንድ ጓደኛችን ሁለት የግራ ጫማ ታቅፎ ቀረ፤ የቀኞቹን ማን እንደወሰዳቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ ክፍሉ ተቆለፈ፤ ለአሥራ አምስት ወራት።

ዛሬ የምኖረው ኮምፒውተር በመጠገንና ለመሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ በመዘርጋት ነው። ስለ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ወሬ በተነሣ ቁጥር የምሰማው ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፦ ባለሙያ አልነበረም፣ ሰዉም አላወቀበትም። እኔም ለብዙ ጊዜ ይህንኑ ስደግም ኖሬያለሁ። በኋላ ሐዋሳ በሄድኩ ቁጥር መምህሩንና የንብረት ክፍል ሠራተኛዋን እያጫወትኩ፣ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ደብተሮቼንም ከሣጥን አውጥቼ እያገላበጥኩ ነገሩን ስከታተለው፣ ያንን ክፍል የቆለፈው አንድ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። የትምህርት ቤቱንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠራም። ሁሉም የሚችሉትን ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ጉዳዩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሞዴል 22

ኮምፒውተሮቹ የመጡት በጥቅምት ወር በአይሱዙ ተጭነው ነው። በእርዳታ ከውጭ አገር የተላኩ፣ እዚያ አገልግለው የተተኩ ማሽኖች ናቸው፤ ፔንቲየም 2፣ ዊንዶውስ 98፣ ጀርባው እንደ ሻንጣ የወጣ ስክሪን። ተማሪ እንዳይነካ ተከልክሎ ጥበቃዎቹ አወረዷቸው። ርዕሰ መምህሩ "ቀስ! ቀስ!" እያሉ ከመኪናው እስከ ክፍሉ ሲመላለሱ ከተሸካሚዎቹ ይልቅ የደከሙት እሳቸው ነበሩ።

የሚቀጥለውን በመንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፤ ለሚገለገልበት ሰው ሲወጣ ደግሞ ተረካቢው ሞዴል 22 ላይ ይፈርማል። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ፣ እትዬ እንላቸው የነበሩት፣ እስከዚያ ቀን የመዘገቡት ዴስክ፣ ጠመኔ፣ ኳስና የመጥረጊያ እንጨት ነው። ብዕራቸውን አንሥተው እንዲህ ጻፉ፦ ኮምፒውተር ከነሙሉ ዕቃው 15፣ የኮምፒውተር ልብስ 15፣ ትንሽ ምንጣፍ 15። ምንጣፍ ያሉት ማውዝ የሚንሸራተትበትን ጨርቅ ነው። ማውዙ ራሱ "ሙሉ ዕቃው" በሚለው ውስጥ ተጠቅልሎ ታለፈ። ስለዚህ አንዲት የጨርቅ ቁራጭ ብትጠፋ ተጠያቂ አለ፣ ማውዝ ቢጠፋ ግን መዝገቡ አያውቅም። በኋላ ሦስት ማውዞች ጠፍተዋል። ምንጣፎቹ አንድም ሳይጎድል አሥራ አምስት ነበሩ።

ሞዴል 22ን የፈረሙት የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። እሳቸው የተመረጡት በአንድ ክረምት ለጥቂት ሳምንታት የኮምፒውተር ሥልጠና ስለወሰዱ ነው። ከትምህርት ቤቱ መምህራን ማብራትና ማጥፋት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ አሥራ አምስቱም በእሳቸው ስም ገቡ። ንብረት የፈረመ ሰው ዕቃው ጠፍቶ ወይም በቸልተኝነት ተበላሽቶ ቢገኝ ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት ያውቃል። ከዓመታት በኋላ ቡና እየጠጣን እንዲህ አሉኝ፦ "የፈረምኩ ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። የአንዱን ዋጋ የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ ራሴ ገመትኩ። ምን ልበልህ፣ አሥራ አምስቱን ከፍዬ ለመጨረስ የእኔም የልጄም ዕድሜ ተደምሮ አይበቃም ነበር።"

ኅዳር ላይ ያቺ ፍንዳታ ስትመጣ እሳቸውና እኛ የሰማነው አንድ ድምፅ አልነበረም። እኛ ጥይት ሰማን። እሳቸው የሰሙት ደመወዛቸው ሲቆረጥ ነው።

የታሸገ በር

በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፉ። ርዕሰ መምህሩ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ። ከአምስቱ አንድም የኤሌክትሪክ ነገር የሚያውቅ አልነበረም፤ ጸሐፊው የስፖርት መምህሩ ነበሩ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ጉዳዩ በባለሙያ እስኪጣራ ድረስ ክፍሉ ታሽጎ እንዲቆይ ወሰነ፤ ባለሙያ እንዲላክም ለበላይ መሥሪያ ቤት ተጻፈ። ከዚያ ሁሉም መልስ መጠበቅ ጀመረ። ልብ ይባል፦ በዚያችው ከተማ ውስጥ የእርሻ ኮሌጁ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ነበር፤ ኮምፒውተርም መብራትም የሚያውቁ ሰዎች በብስክሌት የሚደረስባቸው ሩቅ ያልሆኑ ጎረቤቶች ነበሩ። ወደ እነሱ የጻፈ የለም። በእኛ ቤት ደብዳቤ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያው በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ቫይረስ ሳይኖር እንደማይቀር አስታወቀ። ቃሏ ከመምህራን ማረፊያ የተንጠባጠበች ትሆናለች። በ1996 ዓ.ም. ቫይረስ የሚለውን ቃል የማያውቅ ተማሪ አልነበረም፤ የሚያውቀው ቫይረስ ግን አንድ ብቻ ነው። ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረን፣ ድራማ ይሠራ ነበር፣ ግጥም ይነበብ ነበር፣ ግድግዳው ሁሉ ቀይ ሪባን ነበር። አንዲት የክፍላችን ልጅ የክበቡን ሰብሳቢ፣ ለቀልድ ሳይሆን ከልቧ ተጨንቃ፣ "ኪቦርዱን የነካ ሰው መመርመር አለበት?" ብላ ጠየቀችው። ሰብሳቢው ትንሽ አሰበና መመርመር ለማንም ጥሩ ነው አላት። ያን ጊዜ ጫማ የምናወልቀውም ቫይረሱ እንዳይገባ ነው ተባለ።

የጫማው ነገር ምክንያት ነበረው። የሐዋሳ አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው ደቃቅ አሸዋ ነው፤ ነፋስ ባለበት ቀን ጥርስ መካከል ገብቶ ይንቀጫቀጫል። አቧራ የኮምፒውተርን ማራገቢያ ይደፍናል፣ ሙቀት እንዳይወጣ ያደርጋል። ችግሩ ግን በርቶ የሚሠራ ማሽን ችግር ነው። የእኛዎቹ ለአሥራ አምስት ወራት ከአቧራ ተጠብቀው የቆዩት ጠፍተው ነው።

ትምህርቱ አልቆመም። ያለ ኮምፒውተር ቀጠለ። ደብተሬ ላይ ዛሬም አለ፦ የኮምፒውተር አባት ቻርልስ ባቤጅ ይባላል፤ ከመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች አንዱ ኤኒያክ 18,000 ገደማ ቫክዩም ቲዩብ ነበረው፣ ክብደቱ 30 ቶን፤ አንደኛ ትውልድ፣ ሁለተኛ ትውልድ፣ ሦስተኛ ትውልድ። ከሐዋሳ ሕዝብ መካከል ኤኒያክ ስንት እንደሚመዝን ከእኛ ክፍል የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ከመስኮቱ ባሻገር ጨርቅ የለበሰው ኮምፒውተር ማብሪያው የት እንደሆነ ግን አናውቅም። በአጋማሽ ፈተና "የማውዝን ሁለት ጥቅሞች ጻፍ" የሚል ጥያቄ መጥቶ ሁለቱንም አግኝቻለሁ፤ ማውዝ በእጄ የነካሁት ከዚያ ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው።

አሁን ስለ ካርቶኑ ልናገር፤ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። መምህሩ አንድ ቀን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ኪቦርድ ሣሉበትና ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁላችንም በካርቶን ሠርተን እንድንመጣ አዘዙ። ከጫማ ካርቶን፣ ከሳሙና ካርቶን፣ አንዱ ልጅ እንዲያውም ከፓስታ ካርቶን ቆርጦ የመኮሮኒውን ሥዕል በጀርባው እንደያዘ አመጣ። ግራ እጅ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ፤ ቀኝ እጅ ጄ፣ ኬ፣ ኤል። እሳቸው ፊደል ይጠራሉ፣ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ካርቶን እንመታለን። 70 ልጅ በአንድ ላይ ካርቶን ሲመታ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የጀመረ ካፊያ ይመስላል። ጎበዝ የሚባለው ማን እንደሆነ እንዴት ታወቀ ብትሉኝ፣ መምህሩ በመደዳው መካከል እየተዘዋወሩ ጣታችንን ያያሉ፤ ያልታጠፈ ጣት ካዩ በጠመኔ ይነኩታል።

ይህን የምነግረው ለማሳቅ ብቻ አይደለም። በኋላ እውነተኛው ኪቦርድ ፊት ስንቀመጥ ፊደል ሳንፈልግ የጻፍን ብዙዎች ነበርን። የካርቶኑ ትምህርት ሠርቷል። ሞዴል 22 ያልተፈረመበት ብቸኛው የኮምፒውተር ዕቃ እሱ ነበርና የፈራው ሰው አልነበረም።

ሰኔ 1996 ላይ መምህሩ የጠየቁት ዝውውር ተፈቀደ። ባለቤታቸውና ልጃቸው በሌላ ከተማ ነበሩ። ለመሄድ ክሊራንስ፣ ከዕዳ ነፃ ነህ የሚል ወረቀት፣ ያስፈልጋል፤ ለክሊራንስ ንብረት ማስረከብ፤ ለማስረከብ የሚረከብ ሰው። የሒሳብ መምህሩ የፈነዳ ዕቃ አልረከብም አሉ። ሌላው ያልፈነዱትንም አልፈልግም አሉ፤ "መቼ እንደሚፈነዱ በምን አውቃለሁ?" ትክክል ናቸው፤ ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። ዝውውሩ ጊዜው አልፎ ቀረ። እኛ ልጆች ቲቸር ለምን ዝም እንዳሉ አልገባንም ነበር። እኔም ክፍሉ የታሸገው ኮምፒውተር ላይ እንጂ ሰው ላይ አልመሰለኝም።

ሬዲዮ ሠሪው

የምንማረው በፈረቃ ስለነበር ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ሬዲዮ ሠሪ ጎረቤታችን ዘንድ እውላለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራዬ ካቻቢቴ ማቀበል፣ ስታኞ መያዝና ሻይ ማምጣት ነው። ጥር 1997 ዓ.ም. አንድ ሰው ዘመዱ ከአሜሪካ የላከለትን አዲስ ቴፕ ይዞ መጣ፤ እንደ ደረሰው ሶኬት ላይ ሰክቶት ነበር። ጋሼ ክዳኑን ሲያነሡት ሽታው ወጣ። ያረረ ዓሣ።

"ጋሼ፣ ይህን ሽታ አውቀዋለሁ" አልኩ።

"ከየት?"

"ከትምህርት ቤት። ኮምፒውተሩ የፈነዳ ቀን።"

"ኮምፒውተሩ ከየት አገር ነው የመጣው?"

"ከአሜሪካ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

ካቻቢቴውን አስቀምጠው ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ ይህን ለመናገር ዓመት ሙሉ ምን ትጠብቅ ነበር?"

ነገሩ ይህ ነው። የአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። በዚያ ዘመን በነበሩት ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ከሶኬት ተቀብሎ ለውስጡ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ጀርባ፣ ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ፣ ጥፍር የምታክል ቀይ ማዞሪያ አለች። በአንድ ወገን 115፣ በሌላው 230 ተጽፎባታል። 115 ላይ ስትሆን ውስጥ ያለው ዑደት የሚገባውን ዝቅተኛ መብራት እጥፍ አድርጎ እንዲያነሣ ታዝዛለች። የእኛን 220 ሲሰጡት እሱንም ያጥፈዋል፤ ወደ 620 ቮልት ገደማ ይደርሳል። እዚያ ያሉት ሁለት ኮንደንሰሮች፣ መብራት የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ግን በተለመደው አሠራር እያንዳንዳቸው 200 ቮልት እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ይፈነዳሉ፤ ፊውዙም ይቃጠላል። ዓሣ ዓሣ የሚለው ሽታ ኮንደንሰሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ለዋናው ሰሌዳ የሚደርሰው ከ12 ቮልት የማይበልጥ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው የኮምፒውተሩ አካል ይተርፋል። ጋሼ ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም ነበር። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ሲቃጠል ግን በየሳምንቱ ያዩ ነበር።

በማግስቱ ለመምህሩ ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ብስክሌታቸውን ይዘው ተነሡ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ጋሼ ሱቅ ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ሱቅ እስከ ኮምፒውተሩ ለመመለስ ግን ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀ። ኮምፒውተሩን ወደ ሱቁ መውሰድ አይቻልም፤ የመንግሥት ንብረት ያለ በር መውጫ ከግቢ አይወጣም። ሰውየውን ማምጣት ይቻላል፣ ግን በምን ሙያ? የምስክር ወረቀት የላቸውም። ይከፈላቸው ቢባል ደረሰኝ የላቸውም። "ገንዘብ ማን ጠየቀ?" አሉ ጋሼ፤ ይህ ደግሞ ኮሚቴውን የባሰ አስጠረጠረው። በመጨረሻ በቃለ ጉባኤ የተስማሙበት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፦ ባለሙያው አንዳችም ነገር ሳይፈቱ በዓይናቸው ብቻ እንዲመለከቱ ተፈቅዷል።

ማኅተሙ በኮሚቴው ፊት ተቀደደ። ጋሼ ገቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ጀርባ በዓይናቸው ብቻ ተመለከቱ፣ ከዚያ በካቻቢቴያቸው ጫፍ ቀይዋን ማዞሪያ ገፋ አደረጓት። ጸሐፊው "ተፈታ?" ብለው ጠየቁ። "ምኑ ተፈታ?" አሉ ጋሼ። አሥራ አራቱን ለመጨረስ አሥር ደቂቃ አልወሰደባቸውም። 115 የሚለው ጽሑፍ ማሽኖቹ ከአይሱዙው ከወረዱበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

አምስት ደቂቃ ተኩል

መምህሩ ሶኬት ለመሰካት እጃቸው እምቢ አለ። የሰኩት ጋሼ ናቸው። እኛ በበሩ ላይ ተደራርበን፣ በዚህ ጊዜ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ቆመናል። ምንም አልተሰማም። ማብሪያው ሲጫን ማራገቢያው ተነሣ፣ አረንጓዴ መብራት በራ፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ቁጥር መሮጥ ጀመረ። ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ስክሪኑ ቀጥ አለና በእንግሊዝኛ ቀኑ ጠፍቶብኛል፣ ኤፍ 1ን ተጫን አለ። መምህሩ እንደገና በላብ ተጠመቁ።

አምስቱ ማሽኖች እንዲህ ሆኑ። ኮምፒውተር ሲጠፋ ሰዓቱንና ቅንብሩን የሚያስታውስባት ሳንቲም የምታክል የ3 ቮልት ባትሪ አለችው። ማሽኑ መብራት ሲያገኝ ባትሪዋ ታርፋለች፤ ከሶኬት ተነቅሎ ሲቀመጥ ብቻዋን ትሠራለች። ከውጭም ያረጁ ሆነው መጥተው፣ አሥራ አምስት ወር ተነቅለው የቆዩት ባትሪዎች አለቁ። የጥበቃው ውጤት ይህ ነበር። ባትሪዋ በየሰዓት ሻጩ ትገኛለች፤ መምህሩ ከኪሳቸው ገዝተው ቀየሩ፣ በየትኛውም ሞዴል ሳያስመዘግቡ። እሳቸው በሕይወታቸው የፈጸሙት ትልቁ ሕገ ወጥ ድርጊት ይህ ይመስለኛል። በተጨማሪ የሁለት ማውዞችን ገመድ አይጥ በልቶት ተገኘ። የእንግሊዝኛ መምህራችን በዚህ ቀልድ ሙሉ መንፈቅ ኖረውበታል።

ከየካቲት 1997 ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰጠን። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ጫማ ለማውለቅና ለመግባት አምስት፣ ዊንዶውስ ተነሥቶ እስኪደርስ ሁለት፣ ለማጥፋት፣ ጨርቅ ለማልበስና ምንጣፍ ለማስቆጠር አምስት። የቀረው 28 ደቂቃ ለአምስት ልጅ ይካፈላል፤ በአንድ ማሽን አምስት ነበርን። ለእያንዳንዳችን አምስት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። እስከ ግንቦት ስምንት ጊዜ ገባን። ስለዚህ በአሥረኛ ክፍል በሙሉ ኮምፒውተር በእጄ የነካሁት 45 ደቂቃ ያህል ነው።

የዚያ 45 ደቂቃ እያንዳንዱ ትዝ ይለኛል ብል ውሸት ነው፤ የመጀመሪያው አምስት ግን አለ። ማውዙን ወደ ቀኝ ስገፋ ስገፋ ምንጣፉ አለቀ፣ ጠረጴዛውም አለቀ፣ ቀስቷ ግን ገና መንገድ ላይ ናት። እጄን አየር ላይ ይዤ ቀረሁ። አንሥቶ መልሶ ማስቀመጥ እንደሚቻል ማንም አልነገረኝም፤ የማውዝ ሁለት ጥቅሞች ውስጥ አልነበረም። ቀጥሎ የነበረችው ልጅ ስክሪኑ ላይ 2005 የሚል ዓመት አይታ፣ ሰሌዳው ላይ ካለው 1997 ጋር አስተያይታ፣ "ይሄ ኮምፒውተር ስምንት ዓመት ቀድሞናል" አለች። መምህሩ ስለ ቀን መቁጠሪያ ሊያስረዱ ሲሞክሩ ከአምስት ደቂቃዋ ሁለቱ አለቀ።

ስማችንን የጻፍነው በላቲን ፊደል ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ የገባው እንደ አውሮፓውያን በ1999 ቢሆንም ዊንዶውስ 98 የግዕዝ ፊደል ይዞ አይመጣም። በግንቦት መምህሩ ከአንድ ቢሮ በዲስኬት የግዕዝ መጻፊያ አምጥተው በአንዱ ማሽን ላይ ጫኑ። ያን ቀን ተራ የሚባል ነገር ፈረሰ። 70 ልጅ በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ተጋፍቶ፣ አንዱ እየጻፈ ሌላው በትከሻው ላይ እያየ፣ የራሱን ስም በራሱ ፊደል በመስታወት ላይ ሲያይ የወጣውን ድምፅ ከኅዳሩ ፍንዳታ በላይ አስታውሰዋለሁ።

በዚያው ዓመት ፕላዝማ ገባ። ትምህርት በሳተላይት በየክፍሉ በትልቅ ስክሪን መተላለፍ የጀመረው ያኔ ነው። ፕላዝማው ከነተካዩ፣ ከነዲሹ፣ ከነብረት ሳጥኑ መጣ፤ አስተማሪው በፈጣን እንግሊዝኛ ተናግሮ ሳንጽፍ ያልፋል። እንደ ኮምፒውተር ክፍሉ ግን አልተቸገረም። ፕላዝማ ተማሪ እንዳይነካው ሆኖ የተሠራ ነገር ስለነበር ትምህርት ቤቱ ወዲያው አወቀበት።

ሞዴል 22ን መስደብ ቀላል ነው። ሦስቱ ማውዞች የጠፉት ግን መዝገብ ላይ ስላልነበሩ መሆኑን አልረሳም፤ ፊርማ ባይኖር ከማውዝም የሚያልፍ ይጠፋ ነበር። እኔ የምለው በፊርማው ላይ ያለው ሚዛን ተንጋዶ ነበር ነው። መምህሩ ክፍሉን ቢከፍቱና አንድ ቢበላሽ ይከፍላሉ። ባይከፍቱና ስድስት መቶ ልጅ ካርቶን ሲመታ ቢኖር ምንም አይከፍሉም፣ ማንም አይጠይቃቸውም። በዚያ ሚዛን ላይ የተቀመጠ፣ ልጅ ያለው፣ ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ቁልፉን ኪሱ ቢያኖር አልፈርድበትም። ዛሬ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ትከልልን ብሎ ሲጠራኝ ስለ ሶኬቱና ስለ ቮልቱ ከመጠየቄ በፊት ዕቃው በማን ስም እንደሚገባ እጠይቃለሁ። በአንድ ሰው ስም ከሆነ ለኮሚቴ ይሁን ብዬ እከራከራለሁ፤ ሲበላሽ ለጥገና የሚወጣ ገንዘብና የሚጠራ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲኖርም እለምናለሁ። አንዳንዶች ይስቁብኛል።

መምህሩ ሐዋሳን የለቀቁት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አንድ አዲስ ተመራቂ መጥቶ ዝርዝሩን ሳያነብ ስለፈረመላቸው። ክሊራንሳቸውን ዛሬም ከልጃቸው የልደት ምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡታል፤ አሳይተውኛል። ጋሼ ሱቃቸውን ዘግተዋል።

የፈነዳው ኮምፒውተር ግን አልተነሣም። ተከፍቶ ለተማሪ ማሳያ ይሁን ተብሎ ተጠይቆ ነበር፤ የተከፈተ ዕቃ "ከነሙሉ ዕቃው" ስለማይባል ተከለከለ። እንዲወገድ ለመጠየቅ ደግሞ ማን እንዳበላሸው በቅጹ ላይ መሞላት ነበረበት። እትዬ ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ በየዓመቱ ሰኔ 30 ለቆጠራ ሲመጡ ጨርቁን ገልጠው ያዩት ነበር። ተረካቢው "ይሄኛው እንኳን አይሠራም፣ እትዬ" ይላቸዋል።

"እኔ መሥራቱን መቼ ጠየቅሁህ?" ይሉታል፤ "አለ ወይ?"

"አለ።"

ምልክት ያደርጉና ጨርቁን መልሰው ያለብሱታል።